ለሾትጋን ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ስንመርጥ



አብዛኞቻችን በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ደኖች በሚያዝያ ተርኪ የሚባለውን የዱር ወፍ፣ በኅዳር አጋዘን የምናድን ሰዎች ነን። ከመካከላችሁ የአደን ትምህርቱን ገና ጨርሳችሁ የመጀመሪያውን ሾትጋን የገዛችሁም አላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በዚያ ሾትጋን ላይ ስለሚታሰረው፣ ሁላችንም ሬድ ዶት ስለምንለው ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ነው። ዋጋው ከ150 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ 800 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ከጠመንጃው በላይ የሚያወጣም አለ። ስለዚህ በመደብሩ መስታወት ፊት ቆመን ከመወሰናችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ እምነት እናስወግድ። «ሾትጋን ማነጣጠር አያስፈልገውም፤ ወደ አውሬው አዙሮ መተኮስ ብቻ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ እምነት ብዙ አውሬ አቁስሎ አስመልጧል። ሾትጋን በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬ ይተፋል፤ እውነት ነው። ፍሬዎቹ ግን ከአፈሙዙ እንደወጡ ወዲያው አይበተኑም። በአፈሙዙ ውስጥ የምንጠመዝዘው ቾክ ሥራው እነርሱን ሰብስቦ መያዝ ነው። ፉል የሚባለው ቾክ የሚመዘነው በ40 ያርድ፣ ማለትም በ37 ሜትር ገደማ ርቀት፣ 30 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከፍሬዎቹ 70 በመቶውን በማስገባቱ ነው። ለተርኪ የሚሠሩት ቾኮች ከዚህም ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለው ጠመንጃ በ10 ያርድ ሲተኮስ ፍሬው ሁሉ ከሰው ጡጫ ብዙ በማይበልጥ ቦታ ላይ ይከመራል። ተርኪው ቀርቦ ከፊታችሁ ሲቆም፣ ልባችሁ ሲመታ፣ መሳሳት የምትችሉት ከራሱ ወርድ ያነሰ ነው። ቅርብ ነው ብሎ የተዝናና ሰው የሚስተው ለዚህ ነው።

በቅርቡ የመጣው የተንግስተን ፍሬ ደግሞ ነገሩን የባሰ አጥብቆታል። እርሳስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን ለተርኪ የሚሠራው ከባዱ ተንግስተን 18 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህም ምክንያት በጣም ትንንሽ ፍሬዎች ርቀው ሄደው ኃይላቸውን ይዘው ይመታሉ፤ ስርጭታቸውም ጠባብ ነው። ዛሬ ሰው አነስ ባለ አፈሙዝ፣ በ20 ጌጅ፣ አልፎም በ.410፣ ተርኪ በልበ ሙሉነት የሚያድነው ለዚህ ነው። ታዲያ መሣሪያውና ጥይቱ ይህን ያህል ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ ማነጣጠሪያችን በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የተተከለች አንዲት የናስ ዶቃ ብቻ ናት።

የዶቃዋ ችግር ምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነውና። ራይፍል ላይ ከፊትም ከኋላም ማነጣጠሪያ አለ። ዶቃ ብቻ ባለው ሾትጋን ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ የእናንተ ዓይን ነው። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ በትክክል ካረፈ ዓይናችሁ በቦታው ነው፤ ጉንጫችሁን ትንሽ ቀና ካደረጋችሁ የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍ አለ ማለት ነው። ከዓይናችሁ እስከ ዶቃዋ 90 ሴንቲሜትር ያህል ነው እንበል። ዓይናችሁ 6 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ በ40 ያርድ ላይ ምቱ 24 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ላይ ይሸሻል። ስድስት ሚሊሜትር ከእርሳስ ብዕር ውፍረት አይበልጥም። ተኳሹ ራሱን ማንሣቱን እንኳ ላያውቀው ይችላል። ተርኪው ሲንጫጫና አንገቱን ሲመዝ በደንብ ልየው ብለን ቀና የምንለው ደግሞ ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ፍሬው ሁሉ ከተርኪው ራስ በላይ ያልፋል።

የቀይ ነጥቡ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ ከሚመስለው ይቀላል። ማታ መብራት በርቶ በመስኮት ወደ ውጭ ስትመለከቱ መንገዱም የቤታችሁ አምፖልም በአንድ መስታወት ላይ አብረው ይታያሉ፤ ይኸው ነው። ከመሣሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ኤልኢዲ ብርሃኗን ወደ ፊተኛው ሌንስ ትልካለች። ሌንሱ ጎድጎድ ያለ ሆኖ ቀዩን ብርሃን ብቻ ወደ ዓይናችሁ የሚመልስ ሥሥ ሽፋን ተቀብቷል፤ የቀረውን የውጭ ብርሃን ያሳልፋል። የሚመለሱት ጨረሮች ትይዩ ስለሆኑ ነጥቧ መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ሳትሆን ሩቅ ዒላማው ላይ ያረፈች ሆና ትታያለች። ስለዚህ ዓይናችሁ በመስኮቱ ውስጥ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ ቢሄድም ነጥቧ አብራ ትሄድና ዒላማው ላይ ትቆያለች። ፍጹም ነው አልልም፤ ዓይን ወደ መስኮቱ ጠርዝ ሲጠጋ ጥቂት መዛነፍ አለ። በሾትጋን ርቀት ግን ከዶቃዋ 24 ሴንቲሜትር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 የደብሊኑ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሰር ሃዋርድ ግራብ ነው በመስታወት ነጸብራቅ የሚሠራውን ማነጣጠሪያ የፈለሰፈው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖች አብራሪዎች በሰፊው ተጠቅመውበታል። ከትከሻ ላይ በሚተኮስ ጠመንጃ ላይ እንዲሆን አድርጎ በኤሌክትሮኒክስ የሠራው የስዊድኑ ኤይምፖይንት ኩባንያ ሲሆን የመጀመሪያው ምርቱ በ1975 ወጣ። ከዚያ በኋላ ኤልኢዲዎቹ የሚፈልጉት ኃይል እያነሰ መጣ፤ ዛሬ አንዲት ሳንቲም የምታክል ባትሪ ለዓመታት የምታበራቸው አሉ።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቁመቱን ጠይቁ እላችኋለሁ፤ ከሰደፉ እስከ ነጥቧ ያለውን ቁመት።

የሾትጋን ሰደፍ የተቀረጸው ዓይን በርሜሉ ጀርባ ላይ ተንሸራትቶ ዶቃዋን እንዲያይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ታች ዘንበል ያለ ነው። ከላይ ሬል ታስሮበት፣ በሬሉ ላይ ማስቀመጫ ተጭኖበት፣ በማስቀመጫው ላይ ደግሞ ለወታደር ካርባይን የተሠራ ረጅም ማነጣጠሪያ ሲወጣ ነጥቧ ከተለመደው የዓይን መስመር ሦስትና አራት ሴንቲሜትር ከፍ ትላለች። እርሷን ለማየት ተኳሹ ጉንጩን ከሰደፉ ያነሣል፤ ሰደፉ ላይ የሚያርፈው አገጩ ይሆናል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ጠመንጃውን ወደ ትከሻችሁ ስታነሡ ነጥቧ በመስኮቱ ውስጥ አትገኝም፤ አንገታችሁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ትፈልጓታላችሁ። ሁለተኛ፣ ባለ 12 ጌጅ ሾትጋን ሲራገጥ ያልተደገፈ ጉንጭ ላይ ሰደፉ ይመጣበታል። «ሬድ ዶት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ነጥቡን አላገኘውም» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ከማንኛውም ነገር በፊት የምመለከተው ማስቀመጫቸውን ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ማነጣጠሪያውን ማውረድ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ሾትጋኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የላይኛው አካላቸው ተቆርጦ ትንሿ ማነጣጠሪያ በቀጥታ እንድትቀመጥበት ሆነው ይመጣሉ፤ የሞስበርግ 940 ፕሮ እና 590ኤስ አንዳንድ ሞዴሎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ የተቆረጡትም ሺልድ አር.ኤም.ኤስ.ሲ. በሚባለው የብሎን አሰላለፍ ነው። እንዲህ ዝቅ ብላ ስትቀመጥ በመስኮቷ ታችኛ ክፍል የአፈሙዙ ዶቃ ጭምር ትታያለች። ይህን እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው፤ ባትሪው ቢሞት ዶቃዋ አለችና። በሪስ ስፒድቢድ የሚባለው ደግሞ በሰደፉና በጠመንጃው አካል መካከል ገብቶ ማነጣጠሪያውን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ኤይምፖይንት ማይክሮ ኤስ-1 በበርሜሉ ጀርባ ላይ ባለው ዝርግ ሐዲድ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው መፍትሔ ማነጣጠሪያውን ማውረድ ካልተቻለ ጉንጭን ከፍ ማድረግ ነው፤ በሰደፉ ላይ የሚታሰር የጉንጭ ትራስ ብዙ ዋጋ አያወጣም። ለአጋዘን ስላግ የሚባለውን ባለ አንድ ወጥ ፍሬ ጥይት የምትተኩሱና ተረጋግታችሁ የምታልሙ ሰዎች ትራሱ ይበቃችኋል። ለተርኪ ግን፣ ዛፍ ተደግፎ ጠመንጃውን ጉልበት ላይ አስደግፎ ለሚጠብቅ ሰው፣ ዝቅ ያለው ይሻላል።

አሮጌ ጠመንጃ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተሠራው ሬሚንግተን 870 በዚህ አገር እጅግ ብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ብዙዎቹ የላይኛው አካላቸው ላይ የብሎን ቀዳዳ የላቸውም። ወይ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ ታስበሳላችሁ፣ ወይ በምላጩ ቤት ፒኖች የሚያዝ ኮርቻ መሰል ማስቀመጫ ትገዛላችሁ። ሞስበርግ 500 ቀዳዳው ከፋብሪካ አለው፤ ነገር ግን የ870 አካል ብረት ሲሆን የሞስበርጉ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ላይ ብሎን ያለ ልክ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይበላዋል፤ ያን ማስጠገን ደግሞ ከማነጣጠሪያው በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ከቁመቱ ቀጥሎ የሚመጣው ርግጫው ነው። ባለ 3 ኢንች ማግነም የተርኪ ጥይት በ12 ጌጅ ሲተኮስ ትከሻችሁ የሚቀበለው የርግጫ ጉልበት ከኤአር-15 ራይፍል ርግጫ 10 እጥፍ ይበልጣል። ትከሻችሁ ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ ማነጣጠሪያውም፣ በውስጡ ያለችው ባትሪም፣ ያሰሩት ብሎኖችም ይቀበሉታል። ለ.22 ጠመንጃ ወይም ለመጫወቻ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ሬድ ዶት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥይቶች ይበራል፣ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ነጥቧ ትዞራለች። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ሳይሆን በዋስትናው ወረቀት ላይ 12 ጌጅ ተብሎ በግልጽ መጻፉን ተመልከቱ። ካልተጻፈ ደውላችሁ ጠይቁ፤ መልስ የማይሰጥ አምራች መልሱን ሰጥቷችኋል።

ብሎኖቹን አምራቹ በሰጠው የማጥበቂያ ልክ፣ ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ እሰሩ። ከማሰራችሁ በፊት ቀዳዳውንም ብሎኑንም ከዘይት አጽዱ፤ ሰማያዊውን የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት፤ ቀዩን አትጠቀሙ፤ እርሱ ያለ ሙቀት አይፈታም። በመጨረሻም በብሎኑ ራስና በማስቀመጫው ላይ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር አስምሩ። መስመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ጫካ ከመግባታችሁ በፊት በአንድ ዕይታ ታውቁታላችሁ።

ክፍት ይሁን ዝግ? ክፍት የሚባለው ኤልኢዲዋ ከሌንሱ ጀርባ ገላጣ ቦታ ላይ የተቀመጠችበት ነው፤ ቀላልና ዝቅተኛ ነው። ግን አንዲት የዝናብ ጠብታ ወይም ቅጠል ኤልኢዲዋ ላይ ካረፈች ነጥቧ ትበታተናለች ወይም ትጠፋለች። የሚያዝያ ማለዳ በምሥራቅ አሜሪካ ደን ውስጥ ጤዛና ዝናብ ነው። ዝጉ ከፊትም ከኋላም መስታወት አለው፤ ጠብታውን በአውራ ጣታችሁ ትጠርጉትና ትቀጥላላችሁ። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ካላችሁና ጠመንጃችሁ ዝቅ አድርጎ የሚቀበለው ከሆነ ዝጉን ግዙ። ዝጉ ከፍ የሚያደርግባችሁ ከሆነ ግን ክፍቱን ግዙና ሽፋኑን እስከ መጨረሻው ሰዓት አታንሡ። ቁመቱ ይቀድማል።

የነጥቧ መጠን የሚለካው በኤም.ኦ.ኤ. ነው፤ አንድ ኤም.ኦ.ኤ. በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ባለ 3 ነጥብ በ40 ያርድ 3 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ባለ 6 ደግሞ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ትሸፍናለች። የተርኪ ራስ ከዚህ ብዙ አይሰፋም። ለተርኪና ለስላግ 2 ወይም 3 ጥሩ ነው። ለሚበር ዒላማና ለቅርብ ነገር ቶሎ የምትታየው ትልቋ ትሻላለች። በመካከሏ ባለ 2 ነጥብ፣ ዙሪያዋን ባለ 32 ክበብ የምታሳየዋ ደግሞ ሁለቱንም ለማስታረቅ ትሞክራለች፤ በ40 ያርድ ክበቧ 34 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አንዳንዶች ክበቡን የፍሬው ስርጭት አድርገው ይቆጥሩታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ስርጭቱን የሚወስነው ቾካችሁና ጥይታችሁ እንጂ ማነጣጠሪያው አይደለም።

አሁን ስለ ዓይን። ከአርባ ዓመት በላይ የሆንን ሰዎች ቅርብ ያለ ነገር ላይ ዓይናችን አልሰበሰብ እያለ መምጣቱን እናውቃለን፤ ዶቃዋ ትደበዝዛለች። ነጥቧ ግን ሩቅ ሆና ስለምትታይ ዓይናችሁን ዒላማው ላይ ብቻ ማሳረፍ ይበቃል። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ መተኮስ ትችላላችሁ። በእኔ እምነት ሬድ ዶት ከወጣቱ ይልቅ ለሽማግሌው ይጠቅማል፤ ወጣቱ ግን ቀድሞ ይገዛዋል።

አስቲግማቲዝም ያለባችሁ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ። የዓይናችሁ ፊተኛው ክፍል ትክክለኛ ክብ ስላልሆነ ነጥቧ ክብ ሆና አትታያችሁም፤ እንደ ጭረት ወይም እንደተበተነ ኮከብ ትሆናለች። ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። መደብሩ ውስጥ ሳላችሁ በስልካችሁ ካሜራ በማነጣጠሪያው ውስጥ ፎቶ አንሡ፤ በፎቶው ላይ ነጥቧ ክብ ከሆነች ጉዳዩ ከዓይናችሁ ነው። ብርሃኗን መቀነስ ይረዳል፤ የሐኪም መነጽራችሁም ይረዳል። ካልሆነ ምልክቱ በመስታወቱ ላይ የተቀረጸበትን ባለ ፕሪዝም ማነጣጠሪያ ተመልከቱ፤ ያለ ባትሪም ይታያል። ጉድለቱ ዓይናችሁን በተወሰነ ርቀትና ቦታ ላይ እንድታስቀምጡ ማስገደዱ ነው።

ቀለምን በተመለከተ፣ አረንጓዴ ነጥብ ለአንዳንድ ዓይን ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚያዝያ ቅጠል ግን አረንጓዴ ነው። የወንዱ ተርኪ ራስ ደግሞ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቱንም በእጃችሁ ይዛችሁ ከመደብሩ ውጭ ዛፍ ላይ አይታችሁ ምረጡ።

ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክል ማነጣጠሪያ ምቹ ይመስላል። ነገር ግን የሚለካው እናንተ ያላችሁበትን ብርሃን ነው። ጥላ ውስጥ ተቀምጣችሁ ፀሐይ የመታው ሜዳ ላይ ስታልሙ ነጥቧ ደብዝዛ ትጠፋባችኋለች። በእጅ የሚስተካከለውን፣ ቁልፎቹም በጓንት የሚጫኑትን ምረጡ። ባትሪው ከላይ ወይም ከጎን ይግባ፤ ከሥር የሚገባ ከሆነ ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር ማነጣጠሪያውን ፈትታችሁ እንደገና ልታስተካክሉ ነው። በየዓመቱ ወቅቱ ሳይከፈት ባትሪውን ቀይሩት፤ ሦስት ዶላር ነው።

ስለሚበሩ ወፎች በግልጽ ልናገር። ለእርግብ፣ ለድርጭትና ለሸክላ ዒላማ ለአብዛኞቻችሁ ሬድ ዶት አልመክርም። እዚያ ተኳሹ የሚያየው ወፏን ነው፤ ጠመንጃው ከዓይኑ ጋር ይሄዳል፤ ከወፏ ፊት ቀድሞ ይተኩሳል። ነጥብ ካለ ዓይን ነጥቧን መፈለግ ይጀምራል፤ ነጥቧን ሲፈልግ ጠመንጃው ይቆማል፤ ጠመንጃው ከቆመ ከወፏ ኋላ ይተኮሳል። በቀኝ ትከሻው እየተኮሰ ግራ ዓይኑ የሚያይልበትን ሰው ግን ለይቼ አየዋለሁ፤ ነጥቧ የምትታየው ከኋላዋ ላለው ዓይን ብቻ ስለሆነ የቱ ዓይን እንደሚያነጣጥር ታስተምረዋለች።

ቤታችሁን ለመጠበቅ ሾትጋን ያስቀመጣችሁም አላችሁ። በክፍል ውስጥ ርቀት ባለ ዘጠኝ ፍሬው ባክሾት ከእጅ መዳፍ ብዙ አይሰፋም፤ ስለዚህ እዚያም ማነጣጠር ግድ ነው፤ ከግድግዳው ባሻገር ልጆች ተኝተዋል። ለዚህ አገልግሎት በማንቀሳቀስ ብቻ የሚነቃ ወይም ሁልጊዜ እንደበራ የሚቆይ ማነጣጠሪያ ይሁን። ጠመንጃው ደግሞ ከልጆች እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ።

አሁን ማነጣጠሪያውን ገዛችሁ እንበል፤ አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው እዚህ ነው። በመደብሩ ውስጥ በጨረር ተስተካክሏል ተብሎ ወደ ጫካ መሄድ የለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሰፊ ወረቀት ውሰዱ፤ መካከሉ ላይ ጉልህ ነጥብ አድርጉ። መጀመሪያ በ20 ያርድ፣ በቀላል ጥይት፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፋችሁ ተኩሱ፤ የፍሬዎቹን ክምር መካከል ፈልጉ። የአንድ ፍሬ ቀዳዳ ምንም አይነግራችሁም። ማነጣጠሪያውን ወደ ክምሩ መካከል አምጡ። ከዚያ ወደ 40 ያርድ ሂዱና የምታድኑበትን ያንኑ ጥይት፣ በምታድኑበት ቾክ ተኩሱ። የተለየ ጥይት የተለየ ቦታ ይመታል፤ ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር ወረቀቱን መድገም ይኖርባችኋል። የተርኪ ጥይት ውድ ነው፤ አንዳንዱ የተንግስተን ጥይት ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል ማለት ይቻላል። ቢሆንም ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ ማውጣት አንድ ወፍ አቁስሎ ከማጣት ይሻላል። ለስላግ ደግሞ ጠመንጃችሁን በ50 ያርድ አስተካክሉ፤ ከዚያ በ75ና በ100 ተኩሳችሁ ምን ያህል እንደሚወርድ ጻፉ፤ ከ75 በኋላ ስላግ በፍጥነት ይወርዳል።

    

ሁለት ማሳሰቢያ ቀርቶኛል። አንደኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ሬድ ዶት አያቀርብም፤ ነጥብ ብቻ ይጨምራል። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ለማየት ጠመንጃ አታንሡ፤ ባይኖኩላር ያዙ። በተርኪ ወቅት ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ የወፉ ራስ ቀለም ነውና። ከኋላው ምን እንዳለ ያላያችሁት ዒላማ ላይ ነጥቡ አይረፍ።

ሁለተኛው ከአገር ቤት፣ ከኢትዮጵያ ጋር ይያያዛል። ለወንድምና ለአጎት ስጦታ ብሎ ሬድ ዶት በሻንጣ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ትንሽ ካሜራ ይመስላል። አይደለም። የጠመንጃ ማነጣጠሪያ፣ ቀይ ነጥቡም ጭምር፣ በአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር የወጪ ቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ዕቃ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። በኢትዮጵያም በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ስለዚህ ከሁለቱም መንግሥታት በጽሑፍ ፈቃድ ሳታገኙ ማንም ቢለምናችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ያልገዛችሁ፣ ጠመንጃችሁን ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ ወደ መደብሩ ውሰዱት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ትከሻችሁ አንሡት፤ ጉንጫችሁን አሳርፉና ዓይናችሁን ግለጡ። ነጥቧ ከፊታችሁ ካለች ግዙ፤ ከሌለች ዋጋው ምንም ያህል ቢቀነስ ተዉት።